ለድሃ ልጅ «እርስዎ» የተባለበት ዋሻ፦ ከእናቴ ጋር ሦስት ቀን በሉርድ

ሉርድ ማርያም በርናዴት ለምትባል ድሃ ልጅ በአንድ ዋሻ ተገለጠችላት ተብሎ ሰው የሚሳለምበት የፈረንሳይ ከተማ ነው። እዚያ ደርሰው ከመጡ ሰዎች የምሰማው ወሬ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ «ከተማው በሙሉ ገበያ ሆኗል» ይላል። ሌላው ዋሻው ፊት ቆሞ እንዳለቀሰ ይነግረኝና ከዚያ ወዲያ ምን እንዳየ ስጠይቀው አያስታውስም። እኔ ባለፈው ግንቦት የ74 ዓመት እናቴን ይዤ ሦስት ቀን ቆየሁ። እናቴ በጉልበቷ ሕመም የተነሣ ሳታርፍ ሃምሳ እርምጃ አትሄድም፤ ስለዚህ ያየሁትን ሁሉ ያየሁት ዊልቸር እየገፋሁ ነው። አቅመ ደካማ ወላጅ ይዛችሁ ለመሳለም ለምታስቡ ይጠቅማል ብዬ ነው የምጽፈው። ቀኑና ዓመቱ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።

ከፓሪስ በባቡር አምስት ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ከባቡር እንደወረዳችሁ እግራችሁ ወደ ዋሻው ይቸኩላል። የእኔ ምክር ግን መጀመሪያ ወደ ከተማው ወጥታችሁ «ካሾ» የሚባለውን ክፍል እንድታዩ ነው። ካሾ ማለት የእስር ክፍል ማለት ነው። ለእስረኛ ጤና አይሆንም ተብሎ የተዘጋ ወኅኒ ነበር፤ በርናዴት ሱቢሩ ከአባቷ ከፍራንሷ፣ ከእናቷ ከሉዊዝና ከሦስት ታናናሾቿ ጋር የኖረችው እዚያ ውስጥ ነው። ስፋቱ 16 ካሬ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው። ለመግባት ክፍያ የለውም። ዊልቸሩን በር ላይ ትተን እናቴ ክንዴን ይዛ ገባች። ምድጃውን አየች፣ ግድግዳውን በመዳፏ ነካ አደረገችና «ስድስት ሰው? አስም ያለባት ልጅ ይዘው?» አለችኝ።

ቤተሰቡ ከጥንትም እንዲህ አልነበረም። ቦሊ የሚባል የውሃ ወፍጮ ላይ ይሠሩ ነበር፤ በርናዴት ጃንዋሪ 7 ቀን 1844 የተወለደችው እዚያ ነው፤ ወፍጮ ቤቱም ዛሬ ይጎበኛል። አባቷ ድንጋዩን ሲወቅር ፍንጣሪ አንድ ዓይኑን አጠፋው። ደንበኛ ቀነሰ፣ ኪራይ ተጠራቀመ፣ በ1854 ወፍጮውን ለቀው ወጡ። በ1855 ከተማውን የመታው ኮሌራ ትንሿን በርናዴትን ሊገድላት ምንም አልቀረው። በ1857 ደግሞ ዱቄት ተሰረቀ ተባለና ወዲያው የተያዘው ያው ድሃው ፍራንሷ ሆነ፤ ታስሮ ተፈታ። ይህን ሁሉ ሳያውቁ ዋሻው ጋ መድረስ ታሪክን ከመሐሉ እንደ መጀመር ነው። እኛ ከካሾ ተነሥተን ቁልቁል ወደ ወንዙ ወረድን፤ ልጅቷም ያን ቀን ወደዚያው ነበር የወረደችው።

ቀኑ ሐሙስ ፌብሩዋሪ 11 ቀን 1858 ነበር። ቤት ውስጥ ማገዶ አልቋል። በርናዴት፣ እህቷ ቷኔትና ዣን አባዲ የምትባል ጓደኛቸው ጭራሮ ሊለቅሙ ጋቭ የሚባለው ወንዝ ዳር ወዳለው ማሳቢዬል ሄዱ። ማሳቢዬል በአገሬው ቋንቋ «አሮጌ ዓለት» ማለት ነው፤ ያኔ አሳማ የሚሰማራበት፣ ማንም ቁም ነገር የማይለው ቦታ ነበር። ሁለቱ ውሃውን ተሻገሩ፤ እሷ ብርዱን ፈርታ ካልሲዋን ለማውለቅ ወደኋላ ስትቀር እንደ ነፋስ ያለ ድምፅ ሰማች። ቀና ስትል ነጭ የለበሰች፣ ሰማያዊ መቀነት የታጠቀች፣ በሁለቱም እግሯ ላይ ቢጫ ጽጌረዳ ያለባት ወጣት ሴት ዋሻው ላይ ቆማ አየች። በርናዴት «ማርያምን አየሁ» አላለችም። «አኬሮ» ነው ያለችው፤ «ያ ያየሁት» እንደ ማለት ነው። ለሳምንታት ሲመረምሯት ከዚህ ቃል አልወጣችም።

እኔን እስከ ዛሬ የሚያስገርመኝ ግን የፌብሩዋሪ 18ቱ ነገር ነው። ያን ቀን ሰዎች ወረቀትና ብዕር አስይዘው «ስሟን ጽፋ ትስጥሽ» ብለው ላኳት። ሴቲቱ ፈገግ ብላ የምትናገረውን መጻፍ እንደማያስፈልግ ነገረቻትና፣ ፈረንሳይኛ ሳይሆን በርናዴት እቤቷ በምትናገረው የቢጎር ቋንቋ፣ ለአሥራ አምስት ቀን ወደዚያ ትመጣ እንደሆነ ጠየቀቻት። አጠያየቋ በእኛ አፍ ቢነገር «ለአሥራ አምስት ቀን ወደዚህ ለመምጣት ፈቃድዎ ይሆን?» ነው። እርስዎ ብላ! ማንበብና መጻፍ ለማትችል፣ ወኅኒ ቤት ውስጥ ለምትኖር፣ አባቷ በሌብነት ለታሰረባት የአሥራ አራት ዓመት ልጅ። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ይህን ለማስረዳት ብዙ መጻፍ አለባቸው፤ አማርኛ የሚናገር ሰው ግን ወዲያው ይገባዋል። በርናዴትም በኋላ ስታስታውሰው ሰው ሰውን እንደሚያናግር አናገረችኝ ብላለች። ይህችው ሴት በዚያው ቀን በዚህ ዓለም ሳይሆን በሚመጣው ዓለም ደስ እንደምታሰኛት ነው ቃል የገባችላት።

እንግዲህ እኔ የሉርድን አገልግሎት የመዘንኩት በዚህች ቃል ነው። ዛሬ በሚሊዮን የሚቆጠር ሰው በሚመላለስበት ቦታ እናቴን ማን «እርስዎ» ይላታል?

መልሱን ያገኘሁት በቅዱስ ሚካኤል በር ገብተን ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ነው። አንዲት ፀጉሯ ነጭ የሆነ የበጎ ፈቃደኛ ወደ እኛ መጣች። በግምት የእናቴ እኩያ ናት። ከእኔ ጋር አላወራችም፤ ሰው ሁሉ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፣ ዊልቸር የሚገፋውን ያናግራል እንጂ የተቀመጠውን አያናግርም። ይህች ሴት እናቴ ፊት ቁጢጥ ብላ ዓይን ለዓይን ተያዩ። የእናቴ ነጠላ ጫፉ ወርዶ ጎማው ሊጠልፈው ነበር። እጇን ሳታስቀድም «እመቤት፣ ይፈቅዱልኛል?» አለቻት። እናቴ ወደ እኔ ዞራ «ምን አለች?» «ይፈቅዱልኛል ወይ ነው የምትልሽ» አልኳት። እናቴ ዝም አለች። ከዚያ ራሷን ነቀነቀች። ሴትዮዋ ነጠላውን ሰብስባ፣ አጥፋ፣ ጉልበቷ ላይ አስቀምጣ በመዳፏ ሁለቴ መታ መታ አደረገችው። እነዚህ ሰዎች በ1885 የተመሠረተው የሉርድ በጎ ፈቃደኞች ማኅበር አገልጋዮች ናቸው፤ ደመወዝ የላቸውም፣ ለመጓጓዣውም ለመኝታውም የሚከፍሉት ከኪሳቸው ነው።

ዋሻው ጋ በዊልቸር የመጣ ቅድሚያ አለው። ዓለቱን እየዳሰሱ በዋሻው ውስጥ ዞሮ መውጣት ነው ሥርዓቱ። ግድግዳው በሰው እጅ ብዛት ጠቁሮና ለስልሶ እንደ ተወለወለ ጀበና ሆኗል፤ አለፍ ሲሉ ደግሞ እርጥብ ነው፣ ከላይ ጠብ ጠብ ይላል። እናቴ እጇን ከድንጋዩ ሳታነሣ እስከ መጨረሻው ሄደች፤ ከኋላችን ሰው እየጠበቀ ነበር፣ ማንም አላጣደፋትም። በስተኋላ በኩል ምንጩ በመስታወት ተሸፍኖ ይታያል።

ምንጩ የተገኘው ፌብሩዋሪ 25 ነው። «ሂጂ፣ ከምንጩ ጠጪ፣ ታጠቢበትም» ስትባል በርናዴት ምንጭ አጥታ ወደ ወንዙ ዞረች። ወንዙ እንዳልሆነ ሲጠቆማት በዋሻው ጥግ ጭቃውን በእጇ ጫረች። ሦስት ጊዜ ዘግና ደፋችው፤ በአራተኛው ጠጣች። ሕዝቡ ፊቷ በጭቃ ተለውሶ ሲያይ አበደች አለ። ከቀናት በኋላ ካትሪን ላታፒ የምትባል ነፍሰ ጡር የገጠር ሴት ተጎድቶ ጣቶቹ አልታዘዝ ያሉትን እጇን በዚያ ውሃ ነክራ ዳነች፤ ይህ በኋላ ቤተ ክርስቲያን ከተቀበለቻቸው የመጀመሪያዎቹ ፈውሶች አንዱ ነው። የከተማው ድንጋይ ፈላጮች ደግሞ ማንም ሳያዛቸው መንገዱን አበጁ፣ ለውሃው ገንዳ ሠሩለት። ሉርድን መጀመሪያ የገነባው ጳጳስ ወይም ባለሀብት ሳይሆን ይህ የመንደር ሰው ነው።

እኛ አገር ጸበል የለመደ ሰው እዚያ ሲደርስ ቢጫ ጄሪካን፣ ግፊያና ጩኸት ይጠብቃል። እዚህ ግን ጸጥ ያለ ነው። ውሃው በቧንቧ ተስቦ በተርታ በተሠሩ መቅጃዎች ይወርዳል፤ ማንም ሰው የፈለገውን ያህል በነፃ ይቀዳል። መታጠቢያው ቤት ሴትና ወንድ ለየብቻ ነው። እኛ በሄድንበት ቀን የነበረው ሥርዓት ገንዳ ውስጥ መግባት ሳይሆን «የውሃው ምልክት» የሚሉት ነው፦ ሁለት አገልጋዮች ከማሰሮ ውሃ በእጃችሁ ላይ ያፈሱላችኋል፤ መጀመሪያ እጅ ትታጠባላችሁ፣ ቀጥሎ ፊት፣ በመጨረሻ በእፍኛችሁ ትጠጣላችሁ። ውሃው 12 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ጥርስ ያንገጫግጫል። እናቴ እጆቿ ስለሚንቀጠቀጡ እፍኟ ውሃ አልያዘ አላት፣ በጣቶቿ መሐል ፈሰሰ። አንደኛዋ አገልጋይ የራሷን መዳፍ ከእናቴ መዳፍ ሥር አስገብታ ደገፈችላት፣ ሌላዋ እንደገና አፈሰሰች። እናቴ በአራት እጅ ጠጣች። ከፎቶ የማላገኘው፣ ከዚያ ጉዞ በልቤ የያዝኩት ይህን ነው።

ሰው «ዳነች ወይ?» ብሎ ይጠይቀኛል። ጉልበቷ እንደ በፊቱ ነው። በርናዴት ራሷ ያለ እምነትና ያለ ጸሎት ውሃው ኃይል እንደሌለው ትናገር ነበር፤ እምነትና ጸሎት እያላቸውም የማይድኑ እጅግ ብዙ ናቸው። ከ1883 ጀምሮ የሐኪሞች ቢሮ በቦታው አለ። ከ7,000 በላይ ሰዎች ዳንን ብለው ቀርበው ቤተ ክርስቲያን በይፋ ተአምር ያለቻቸው 70 እና ጥቂት ብቻ ናቸው። ይህ ጥንቃቄ እምነቴን አልቀነሰብኝም፤ እንዲያውም ቦታውን ያመንኩት በዚህ ነው።

ከዋሻው ጎን ባለው የዓለቱ ቀዳዳ ላይ የቆመው ሐውልት ፋቢሽ የተባለ ቀራፂ የሠራው ነው፤ በ1864 ተተከለ። በርናዴት ስታየው ያየኋትን አይመስልም ብላ አልተደሰተችበትም። ከሐውልቱ ሥር የተጻፈውን ግን ቀረብ ብላችሁ አንብቡት፤ ፈረንሳይኛም ላቲንም አይደለም። «ኬ ሶይ ኤራ ኢማኩላዳ ኩንሴፕሲዩ» ይላል፤ «እኔ ንጽሕት ፅንሰት ነኝ» ማለት ነው። ማርች 25 ቀን በርናዴት ስሟን ደጋግማ ስትጠይቅ ያገኘችው መልስ ይህ ነው። ትርጉሙ ስላልገባት እንዳትረሳው በመንገድ ሙሉ እየደጋገመች ወደ ቆሞሱ ወደ አባ ፔራማል ሄደች። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጲዮስ 9ኛ ማርያም ያለ አዳም ኃጢአት ተፀነሰች የሚለውን ይህን ትምህርት ካወጁ አራት ዓመት እንኳ አልሞላም ነበር፤ ያቺ ልጅ ደግሞ ገና ቁርባን አልተቀበለችም። ኃይለኛ የነበሩት ቆሞስ ያን ቀን ተሸነፉ። ያ ቃል ወደ ትልቅ ሰው ቋንቋ ሳይተረጎም፣ በልጅቷ የመንደር አነጋገር እስከ ዛሬ ድንጋዩ ላይ መቆየቱን እወደዋለሁ።

በነገራችን ላይ ሕዝቡ ማርያምን መሳለም የጀመረው በ1858 አይደለም። በዚያ ተራራማ አገር ጋሬዞን የሚባል ቤተ መቅደስ በ16ኛው መቶ ዘመን አንግሌዝ ለምትባል የእረኛ ልጅ ማርያም ተገለጠችላት ተብሎ ሰው የሚሳለምበት ነበር፤ ሉርድን መጀመሪያ ያገለገሉት ካህናትም ከዚያው ከጋሬዞን የመጡ ናቸው። ስለዚህ እናቶቹ መቁጠሪያቸውን ይዘው በሌሊት ወደ ማሳቢዬል ሲጎርፉ አዲስ ነገር አልሆነባቸውም፤ ያውቁበታል። ባለሥልጣናቱ ናቸው ግራ የተጋቡት። በጁን ወር ዋሻውን በእንጨት አጥር ዘጉት። ሕዝቡ አፈረሰው፣ እንደገና አጠሩት፣ እንደገና አፈረሰው። የመጨረሻው፣ አሥራ ስምንተኛው መገለጥ ጁላይ 16 ሲሆን በርናዴት አጥሩን ማለፍ ስላልቻለች ከወንዙ ማዶ፣ ከመስኩ ላይ ተንበርክካ ነው ያየችው፤ እንደዚያ ቀን አምራ አይቻት አላውቅም ብላለች። በኦክቶበር በናፖሊዮን 3ኛ ትእዛዝ አጥሩ ተነሣ፤ የታርቡ ጳጳስ አቡነ ሎራንስ ደግሞ ካስመረመሩ በኋላ በጃንዋሪ 1862 መገለጡ እውነት ነው ብለው አወጁ። ያ ማዶ ያለው መስክ አሁን ሻማ የሚበራበት ነው። ሰው ሻማውን ለኩሶ ይሄዳል፤ እናንተ ግን ትንሽ ተቀመጡበት። ዋሻውን ከዚያ ማየት፣ ውሃው በመሐል እየጮኸ፣ ልዩ ነው።

አብያተ ክርስቲያናቱ ሦስት ትልልቅ ናቸው፦ ላይኛው በ1876 የተባረከው፣ ከሥሩ የመቁጠሪያው ጸሎት አሥራ አምስት ምስጢራት፣ ማለትም ከጌታና ከማርያም ሕይወት የሚታሰቡት ክፍሎች፣ በአሥራ አምስት ጸሎት ቤቶች የተሣሉበት የሮዛሪ ባሲሊካ፣ እና በ1958 ከመሬት በታች የተሠራው የቅዱስ ጲዮስ 10ኛ። የመሬት ውስጡ 25,000 ሰው ይይዛል ይባላል፤ ዊልቸር በሰፊው ይሄድበታል፣ ለዓይን ግን ጨለማና ሲሚንቶ ነው፤ እኔ አልወደድኩትም። እናቴ ወደደችው፣ ምክንያቷም ሁሉም ሰው እኩል ከመሬት በታች መሆኑ ነው። በርናዴት ግን የላይኛው ቤተ ክርስቲያን ሲባረክ አልነበረችም። በ1866 ወደ ኔቨር ገዳም ገብታ ወደ ሉርድ ሳትመለስ በ1879 በ35 ዓመቷ ዐረፈች። በ1933 ቅድስት ተብላ ታወጀች።

የማታው ዑደት ከኤፕሪል እስከ ኦክቶበር በየቀኑ በእኛ አቆጣጠር ማታ 3 ሰዓት ላይ ነው። «ሰው በዑደት ወደዚህ ይምጣ፣ ቤተ ክርስቲያንም ይሠራ ብለሽ ለካህናቱ ንገሪ» የተባለችው ማርች 2 ቀን ነው፤ የየማታው ሰልፍ ያንን ትእዛዝ መፈጸም ነው። በወረቀት የተከለለ ሻማ ይዛችሁ መቁጠሪያ እየደገማችሁ ትዞራላችሁ፤ በየአዝማቹ ሺህ ሻማ በአንዴ ከፍ ይላል። ከፊት የሚሄዱት ሕሙማን ናቸው። አንዱ ምስጢር በጣሊያንኛ፣ አንዱ በስፓኒሽ፣ አንዱ በሌላ ሲባል እናቴ ሁሉንም በአማርኛ «ጸጋ የሞላሽ ማርያም ሆይ» እያለች መለሰች፤ ድምፅዋን አልቀነሰችም። ጎናችን የነበረ የፊሊፒንስ ቤተሰብ የእሷን ዜማ እየተከተለ «አሜን» ይላት ነበር። ብርድ አለ፤ በግንቦትም ቢሆን ጋቢ ያዙ።

አሁን ወደ ጉድለቱ ልምጣ። ያደርንበት የእንግዳ ማረፊያ፣ ስሙን ትቼዋለሁ፣ ስመዘግብ «ለዊልቸር ምቹ ነው» ብሎኝ ነበር። ስንደርስ ሊፍቱ ዊልቸሩን አላስገባ አለ። እናቴን ወንበር ላይ አስቀምጠን ዊልቸሩን አጥፈን በደረጃ ተሸከምነው፤ ለሦስት ቀን፣ በቀን አራት ጊዜ። እንግዳ ተቀባዩ ደግሞ ከእኔ ጋር ብቻ ነበር የሚያወራው። ስለዚህ ከመክፈላችሁ በፊት የሊፍቱን በር ስፋት በሴንቲ ሜትር ጠይቁ፤ «ምቹ ነው» የሚል ቃል አይበቃም። በሐኪም ወረቀት ለሚመጡ ሕሙማን በመካነ ቅድስቱ ግቢ የተዘጋጀ ማረፊያ አለ፤ ቀድማችሁ በሀገረ ስብከታችሁ ወይም በማኅበር በኩል ጠይቁ። እኔ አስቀድሜ ባለመጠየቄ አሁንም ይቆጨኛል።

ሱቆቹ እውነት ብዙ ናቸው። ነዋሪዋ 14,000 ለማይሞላ ከተማ በጣም ብዙ። ቁልቁለቱን ሙሉ በማርያም ቅርፅ የተሠራ የፕላስቲክ ጠርሙስ፣ ክዳኑ ሰማያዊ ዘውድ የሆነ፣ ተደርድሯል። እኔ ፊቴን አዙሬ ላልፍ ነበር። እናቴ አስቆመችኝና ስድስት ገዛች፤ ለእያንዳንዱ የጎረቤት ስም ጠርታ ነው ያስቆጠረችው። መካነ ቅድስቱ ግቢ ውስጥ ግን ይህ ሁሉ የለም፤ ከበሩ በኋላ ገበያው ይቆማል።

ሁለት ቀን ይበቃል የሚሉ አሉ፤ ዊልቸር ካለ ሦስት ቀን ያዙ። ዋሻውን ሌሊት አምሽታችሁ እዩት፣ ሰው ሲሳሳ የወንዙ ድምፅ ብቻ ይቀራል። በመጨረሻው ጠዋት ባቡራችን ሊነሣ ሁለት ሰዓት ሲቀረው እናቴን የት ልውሰድሽ ብላት ዋሻውን ትላለች ብዬ ነበር። «ያቺ ቤት ውሰጂኝ» አለችኝ። ካሾን ማለቷ ነው። ዳገቱን ገፋኋት። ገብታ አንዷን ጥግ መርጣ ቆመች፣ የተቀዳውን ጠርሙስ በጉያዋ ይዛ ሰላምታውን በቀስታ ደገመች፤ ስትጨርስ ወደ ምድጃው ዞራ፣ ሰው እንዳለበት ቤት፣ «ደኅና ይሁኑ» ብላ ወጣች።